የተረሳውን ዜማ ያስነሣው አርኖልድ ዶልሜች

በዚህ ዓመት መጽሔታችን የአንድ ፈረንጅ የሙዚቃ ሰው ታሪክ አቀርባለሁ። ስሙ አርኖልድ ዶልሜች ይባላል። ሥራው ምን ነበር ቢባል፣ የአውሮፓ ሰው ረስቶት የነበረውን የጥንት ሙዚቃ ፈልጎ አግኝቶ እንደገና ያሰማ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ዶልሜች በ1858 በፈረንሳይ አገር ለ ማን በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ስለነበሩ ገና በልጅነቱ መጋዝና መላጊያ ይዞ ነው ያደገ። ይኼ ነገር ኋላ በጣም ጠቅሞታል። ቫዮሊን በብራስልስ ከተማ ቪዬታን ከተባለው ስመ ጥር መምህር ዘንድ ተማረ። በ1883 ወደ ለንደን ተሻግሮ እዚያም ትምህርቱን ቀጠለ፤ ከዚያም ደልዊች ኮሌጅ በሚባል ትምህርት ቤት የቫዮሊን አስተማሪ ሆነ። እዚሁ ላይ ቢቆም ኖሮ ደመወዙን እየተቀበለ ጡረታ የሚወጣ አንድ መምህር ሆኖ በቀረ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም ከ16ኛውና ከ17ኛው መቶ ዓመት የቀሩ የእንግሊዝ ኖታዎችን አገኘ። ቫዮል ለሚባል መሣሪያ የተደረሱ ነበሩ። ቫዮል እንደ ቫዮሊን በደጋን የሚመታ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት አውታር አለው፤ የሚያዘውም በትከሻ ሳይሆን በጉልበት ነው። ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ ዘመኑ ትልልቅ አዳራሽና ኃይለኛ ድምፅ ሲወድ በቫዮሊንና በቼሎ ተዋጠ። ወረቀቱ አለ፤ መሣሪያው ግን በየአሮጌ ዕቃ ሻጩ ቤት ወድቋል፤ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ የኖረው አመታትም ተቋርጧል። የእኛ አዝማሪ ማሲንቆን የአባቱን እጅ እያየ ይማራል እንጂ ኖታ አያስፈልገውም። የእነሱ ግን ግልባጩ ሆነ፤ ወረቀቱ ሞልቶ እጁ ጠፋ።

ዶልሜች ታዲያ ምን አደረገ? አሮጌዎቹን መሣሪያዎች እየገዛ በገዛ እጁ ጠገነ፤ የማይገኘውን ደግሞ ራሱ ሠራ። ሴት ልጁን ኤሌንን ከጉልበት መካከል የሚያዘውን ትልቁን ቫዮል አስተማራት። ቤተሰቡን ሰብስቦ ቡድን አቋቋመና በ1890ዎቹ ለንደን ውስጥ ኮንሰርት ያሳይ ጀመር። በዚያን ጊዜ በጋዜጣ ስለ ሙዚቃ ይጽፍ የነበረው በርናርድ ሾው ደገፈው። ባለቅኔውና የእጅ ጥበብ ወዳጁ ዊልያም ሞሪስም ሃርፕሲኮርድ እንዲሠራ አደፋፈረው። ሃርፕሲኮርድ ሲያዩት ፒያኖ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው አውታር ግን በመዶሻ አይመታም፣ እየተቆነጠረ ነው የሚጮኸው። ይህንንም በ1896 ሠርቶ ለኤግዚቢሽን አቀረበ።

በዚያው ዓመት ሞሪስ ሊሞት ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ዶልሜች ቨርጂናል የተባለችውን የሃርፕሲኮርድ ታናሽ እቤቱ ድረስ ወስዶ የጥንቱን ዜማ መታለት። ሕመምተኛውም ልቡ እጅግ ተነካ። እኛ እድርተኞች የሕመምተኛ ጥየቃ ምን እንደሆነ እናውቃለንና፣ ከታሪኩ ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው።

በገንዘብ በኩል ግን አልሆነለትም። በ1901 ዕዳውን መክፈል አቅቶት በሕግ መክሠሩ ተነገረ። በ1905 በአሜሪካ ቦስተን ቺከሪንግ የተባለው የፒያኖ ፋብሪካ የጥንት መሣሪያ እንዲያሠራ ቀጠረው። በ1911 ወደ ፓሪስ ሄዶ ለጋቮ ፋብሪካ ሠራ፤ በ1914 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በማግሥቱ ዓመት የ17ኛውና የ18ኛው መቶ ዓመት ሙዚቃ እንዴት መመታት እንዳለበት የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። መምህራኑ ሞተዋል፤ የጻፉት ግን ስለነበረ ከዚያው እየለቀመ ነው ያዘጋጀው። በ1917 በጦርነቱ ምክንያት ለንደንን ለቆ ሃዝልሚር በምትባል ትንሽ ከተማ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጠ።

በ1919 ነው እንግዲህ ያ የታወቀው ነገር የደረሰው። ሪኮርደር የሚባል የጥንት የእንጨት ዋሽንት ነበረው፤ እጅግ የሚሳሳለት ዕቃ ነው። ከኮንሰርት ሲመለሱ ዋሽንቱ ያለበትን ቦርሳ የሰባት ዓመቱ ልጁ ካርል ለንደን ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ረስቶት ቀረ። ዋሽንቱ ጠፋ። ዶልሜች አዝኖ ብቻ አልቀረም፤ ያንኑ የመሰለ ለመሥራት ተነሣ። ደጋግሞ ሞክሮ ተሳካለት፤ ከዚያም ለሌላ ሰው ጭምር ይሠራ ጀመር። ዛሬ በብዙ አገር ተማሪ ቤት ልጆች የሚነፉት የፕላስቲክ ሪኮርደር የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

በ1925 ሃዝልሚር ላይ በየዓመቱ የሚደረግ የጥንት ሙዚቃ በዓል አቋቋመ። መሪው እሱ፣ ተጫዋቾቹ ባለቤቱ ሜቤልና ልጆቹ፣ መሣሪያውም የቤት ሥራ። እርግጥ ነው፣ ልምምድ የጎደለው አመታት ነው እያሉ የነቀፉት ነበሩ፤ በእኔ አስተያየትም ነቀፋው ከንቱ አይደለም። ሲሠራ የዋለ እጅ ማታ ሲመታ ቢሳሳት ምን ይገርማል? ቁጡም ሰው ነበር፤ ከገዛ ልጆቹ ጋር ሳይቀር ይጣላ ነበር።

የፈረንሳይ መንግሥት በ1938 የሌዢዮን ዶነር ኒሻን ሸለመው። በየካቲት 1940 ሰማንያ ሁለት ዓመት በሞላው በአራተኛው ቀን ሃዝልሚር ዐረፈ። ሩዶልፍ የተባለው ወንድ ልጁ በ1942 በጦርነቱ ባሕር ላይ ቀረ። መሣሪያ ሠሪነቱንና በዓሉን ይዞ የቀጠለው ያ ቦርሳውን ጣቢያ ላይ የረሳው ካርል ነው፤ እሱም ሪኮርደር በመንፋት ስሙ በዓለም የታወቀ ሆኖ በ1997 ሞተ።