የዓሣን ቁጥር በሒሳብ የመረመረው ሊቅ ቪቶ ቮልቴራ

ብዙዎቻችን ሒሳብን የምናጠናው ለፈተና ብቻ ይመስለናል። የቪቶ ቮልቴራን ታሪክ ስንመለከት ግን ሒሳብ የባሕርን ዓሣ ለመመርመር እንኳ እንደሚያገለግል እንረዳለን። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ቮልቴራ በ1860 አንኮና በምትባል የኢጣልያ የወደብ ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ ገና በሁለት ዓመቱ ስለ ሞተበት ከእናቱ ጋር በዘመድ ቤት በችግር አደገ። ሆኖም ትምህርትን አጥብቆ ይወድ ስለ ነበረ በ23 ዓመቱ በፒዛ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ለመሆን በቃ። በኋላም በቱሪንና በሮማ አስተማረ፤ በ1905 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነ።

አማቹ ኡምቤርቶ ዳንኮና የእንስሳት ጥናት ሊቅ ነበረ። የትሪየስትን፣ የፊዩሜንና የቬኒስን የዓሣ ገበያ መዝገብ ሲመረምር አንድ ነገር አስደነቀው። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዓሣ ማጥመድ ቀንሶ ነበር፤ ታዲያ በገበያው ድርሻቸው የጨመረው እንደ ሻርክ ያሉት በላተኞች ዓሦች ነበሩ። ምክንያቱን ቮልቴራን ጠየቀው።

ቮልቴራም በ1926 መልሱን በሁለት የእኩልነት ዐረፍተ ነገሮች አቀረበ። ትንንሾቹ ዓሦች ሲበዙ በላተኞቹ ጠግበው ይዋለዳሉ፤ በላተኞቹ ሲበዙ ትንንሾቹ ተበልተው ይቀንሳሉ፤ ከዚያ በላተኞቹ በረኃብ ይመነምናሉ፤ ትንንሾቹም እንደ ገና ይበዛሉ። እንደ ፈርዖን ሕልም ጥጋብና ረኃብ ይፈራረቃሉ ማለት ነው። መጠነኛ ማጥመድ በላተኞቹን ስለሚያሳንስ፣ በአማካይ ሲታይ ለትንንሾቹ ይጠቅማል፤ ማጥመዱ ሲቀንስ ግን ጥቅሙ ለበላተኞቹ ይሆናል። በአሜሪካ ይኖር የነበረው አልፍሬድ ሎትካም ለብቻው እዚሁ ስሌት ላይ ደርሶ ስለ ነበረ ስሌቱ በሁለቱም ስም ይጠራል።

በ1931 የሙሶሊኒ መንግሥት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሁሉ ለፋሺስት ሥርዓት ታማኝ እንዲሆኑ መሐላ አዘዘ። ከ1,200 ከሚበልጡት መምህራን አንምልም ያሉት 12 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ቮልቴራ አንዱ ነበረ። ስለዚህም ከ30 ዓመት በላይ ካስተማረበት ከሮማ ዩኒቨርሲቲ ወንበሩ ተሰናበተ። ከአራት ዓመት በኋላ ያው መንግሥት አገራችንን ወረረ። ቮልቴራ በ1940 ሮማ ላይ ዐረፈ።

በሳሪስ አቦ የምንገኝ እኛ ተማሪዎች የኢጣልያን ስም ስንሰማ የአባቶቻችንን መከራ እናስታውሳለን፤ ማስታወሳችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው አገር ለግፍ አልምልም ብሎ እንጀራውን የተወ መምህር እንደ ነበረም አንርሳ። ስሌቱን ከመጽሐፍ ልንማር እንችላለን፤ ቈራጥነቱን ግን በሥራ ልንከተለው ይገባናል።