ስሙ የእሷ፣ ትርፉ የሌላ

ኮኮ ሻኔልን ብዙዎቻችን የምናውቃት በሽቶዋ ነው። ኢኮኖሚክስ ስላጠናሁ ይሆናል፣ እኔን የሚገርመኝ ሒሳቧ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1883 ፈረንሳይ ተወለደች። እናቷ ስትሞት በመነኮሳት ማሳደጊያ አደገች፤ ስፌት የለመደችውም እዚያው ነው። በላባና በአበባ የተጫነ ባርኔጣ በሚወደድበት ዘመን እሷ ቀለል ያለውን ሠርታ ታደርግ ነበር። ያዩዋት ሴቶች ፈለጉት። በ1910 ፍቅረኛዋ ቦይ ኬፕል ገንዘብ ሰጥቷት ፓሪስ ላይ ሱቅ ከፈተች። ለወንዶች የውስጥ ልብስ ይውል የነበረውን ጀርሲ ጨርቅም ቀሚስ አደረገችው።

ጉዱ የመጣው በሽቶው ነው። በ1921 የወጣውን ቁጥር 5 በብዛት ለማምረት በ1924 ከቬርትሃይመር ወንድማማቾች ጋር ኩባንያ ስታቋቁም የደረሳት 10 በመቶ ብቻ ነበር። ስሟ ጠርሙሱ ላይ፣ ትርፉ ሰው ቤት! ዓመታት ስትሟገት ኖረች። በጀርመን ወረራ ጊዜማ፣ አጋሮቿ አይሁድ ስለሆኑ በናዚ ሕግ ኩባንያውን ልትነጥቃቸው ሞከረች። ይህንን እንደ ንግድ ብልሃት የሚያወራ ሰው ያናድደኛል፤ ነውር ነው። ደግሞም አልተሳካላትም፤ ድርሻቸውን ቀድመው አይሁዳዊ ላልሆነ ፈረንሳዊ አዛውረውት ነበር።

በ1947 እንደገና ተደራደሩና ከዓለም አቀፉ የሽቶ ሽያጭ 2 በመቶ ተፈቀደላት። ይበልጥ ሀብታም ያደረጋት እሱ ነው። በ1954 በ70 ዓመቷ ወደ ልብስ ሥራዋ ስትመለስ ገንዘብ ያወጡላትም እነዚያው ቬርትሃይመሮች ናቸው። በ1971 ስትሞት ድርጅቱ የእነሱ ነበር፤ ዛሬም የያዙት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።