አፄ ቴዎድሮስ እንደ አባት

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ጀግንነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አባትነታቸው ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። እኛም በዛሬው እሑድ ፊታችንን ወደ ደብረ ታቦር መልሰን፣ እኒህ ታላቅ ንጉሥ ለልጆቻቸው ምን ዓይነት አባት እንደ ነበሩ ለመመልከት ወደናል።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ የደፉት ንጉሥ በመጀመሪያው ዘመን በይቅር ባይነታቸው የተመሰገኑ ነበሩ። ነገር ግን በነሐሴ 1850 ዓ.ም. እጅግ የሚወዷቸው እቴጌ ተዋበች ሞቱ። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው ቆንስል ፕላውደን ተገደለ፤ ብዙም ሳይቆይ ባለሟላቸው ዮሐንስ ቤል በጦር ሜዳ ወደቀ። ከዚህ በኋላ ጠባያቸው እንደ ደጋ ሰማይ ሆነ፤ አንድ ጊዜ ብራ፣ አንድ ጊዜ ነጎድጓድ። መንገድ ሲጠረግ ድንጋይ በገዛ እጃቸው ያነሡ ነበር፤ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋትም ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል። ቍጣ ሲነሣባቸው ደግሞ ብዙ ሰው ያስገድላሉ፤ ቍጣው ሲበርድ ይጸጸታሉ።

ይህ ዛሬ ሐኪሞች ባይፖላር የሚሉት፣ የሰውን መንፈስ ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሕመም ይሆን ብለው የጠየቁ አሉ። እኛ ግን ሙት በታሪክ መጽሐፍ አይመረመርምና ፍርድ አንሰጥም፤ ኀዘንና የሽፍቶች ብዛትም ሰውን ይለውጣሉ። የምናውቀው በልጆቹ ላይ የደረሰውን ነው።

ልጃቸው ወይዘሮ አልጣሽ ለምኒልክ ተድራ ነበር። ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ እርስዋ ከአባትዋ ዘንድ ቀረች። በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ከእቴጌ ጥሩወርቅ የተወለደው ልዑል ዓለማየሁም ሰላም በሌለው ትዳር መካከል አደገ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተጓዙ፤ ሚያዝያ 6 ቀንም ለእንግሊዝ ጦር እጄን አልሰጥም ብለው የገዛ ሕይወታቸውን አሳለፉ። ሕፃኑ ሰባት ዓመት ሊሞላው ዐሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ከአንድ ወር በኋላ እናቱ በመንገድ ላይ ሞቱ፤ እርሱም ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ አረፈ። መቃብሩ በዊንዘር ነው።

አንባቢያችን ሆይ፣ በዚያ ዘመን ለመንፈስ ሕመም የሚሆን መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ ባይፖላር ያለበት አባት ወይም እናት መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ እንቅልፉን ጠብቆ፣ ልጆቹን በሚገባ ለማሳደግ ይችላል። ይሁን እንጂ ሕመሙ ሲነሣ ልጆቹን የሚይዝለትን የታመነ ዘመድ በደኅናው ቀን መምረጥ፣ ለልጆቹም ጥፋቱ የእናንተ አይደለም ብሎ መንገር ይገባዋል። ንጉሡ ያላገኙትን ይህን ዕድል ያገኘ ወላጅ፣ አፍሮ በመደበቅ እንዳያባክነው እንመክራለን።