ከኮሌጅ በር የተመለሰው ተማሪ
(የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር የሕይወት ታሪክ)



ለዛሬው የግድግዳ ጋዜጣችን የመረጥነው ሰው ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ይባላል። ስሙን የሰማነው ሁሉ የምናውቀው ከኦቾሎኒ ጋር አያይዘን ነው። እኛ ግን ስለ ኦቾሎኒ ብቻ ልናወራ አልተነሣንም። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ባሪያ ሆኖ የተወለደ፣ እናት አባት የሌለው ልጅ ኮሌጅ እንዴት ሊገባ ቻለ? ማን ረዳው? ማንስ መለሰው? ነገ ጠመኔ ይዘን ጥቁር ሰሌዳ ፊት የምንቆም ሁሉ መልሱ ይጠቅመናል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርቨር የተወለደው በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት፣ ዳይመንድ ግሮቭ በተባለች መንደር አጠገብ ነው። ዘመኑ 1864 ገደማ እንደሆነ ይገመታል፤ ቀኑ አይታወቅም። የባሪያን ልጅ ልደት ማን ይመዘግባል? የእናቱ ጌታ ሞዝስ ካርቨር የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ጆርጅ ገና ሕፃን ሳለ ወንበዴዎች ከእናቱ ጋር ጠልፈው ወሰዱት። ሕፃኑ ተፈልጎ ተመለሰ፤ የእናቱ ወሬ ግን በዚያው ጠፋ። በ1865 በሚዙሪ ባርነት ሲቀር ሞዝስና ባለቤታቸው ሱዛን ጆርጅንና ወንድሙን ጂምን በቤታቸው አሳደጓቸው።

ልጁ በሽተኛና ደካማ ስለነበረ ከባድ የእርሻ ሥራ አልቻለም። ስለዚህ ጓዳ ዋለ። ወጥ መሥራት፣ ልብስ ማጠብ፣ መስፋትና መጥለፍ ከወይዘሮ ሱዛን ተማረ፤ ፊደልም ያስቆጠሩት እርሳቸው ናቸው። ይህ የጓዳ ሙያ ኋላ የትምህርት ቤት ወጪውን እንደሚሸፍንለት ያን ጊዜ ማንም አላሰበም። ትርፍ ሰዓቱን የሚያሳልፈው ጫካ ውስጥ ነበር፤ ተክል ይነቅላል፣ ይተክላል፣ ያስታምማል። አበባዋ የጠወለገባት ጎረቤት ሁሉ እሱን ማስጠራት ጀመረች፤ የዕፀዋት ሐኪም የሚል ስምም ወጣለት።

በሰፈሩ ያለው ትምህርት ቤት ጥቁር ልጅ አይቀበልም። ለጥቁሮች የተከፈተው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኒዮሾ ከተማ ነበር። ጆርጅ በ1877 ገደማ ብቻውን ሄደ፤ ማደሪያ ስላልነበረው ከአንድ ጎተራ ውስጥ ተኛ። ያገኙት ወይዘሮ ማሪያ ዋትኪንስ የሚባሉ አዋላጅና ልብስ አጣቢ ናቸው። ስሙን ሲጠይቁት የካርቨር ጆርጅ ነኝ አላቸው፤ ይህ ደሞ ባሪያ በጌታው የሚጠራበት አጠራር ነው። ወይዘሮ ማሪያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱን ጆርጅ ካርቨር ብሎ እንዲጠራ ነገሩት። ሥራ እያገዛቸው ከቤታቸው አስቀመጡት፤ የሚችለውን ያህል ተምሮ ያወቀውን ለወገኖቹ መልሶ እንዲሰጥም መከሩት። ወይዘሮ ማሪያ አስተማሪ አልነበሩም። ሆኖም አንድ ተማሪ ለምን እንደሚማር ማወቅ እንዳለበት ገብቷቸው ነበር።

የኒዮሾ ትምህርት ሲያልቅበት ጆርጅ ወደ ካንሳስ ግዛት ተሻገረ። በ1879 ፎርት ስኮት ከተማ ሳለ አንድ ጥቁር ሰው በሕዝብ መንጋ ያለ ፍርድ ሲገደል አየ። በዚያው ከተማይቱን ጥሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ፣ እየቀቀለ፣ እያጠበና እየተኮሰ ተማረ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የተከታተለው ሚኒያፖሊስ በምትባል የካንሳስ ከተማ ነው። እዚያ ሌላ ጆርጅ ካርቨር ስለነበረ፣ ደብዳቤያቸው እንዳይቀላቀል ብሎ ከስሙ መካከል አንድ ፊደል እንደጨመረ ይነገራል፤ ዋሽንግተን የሚለው ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ1880ዎቹ አጋማሽ ላይ ካርቨር እዚያው ካንሳስ ውስጥ ላለው ሃይላንድ ኮሌጅ በፖስታ አመለከተ። ኮሌጁም መቀበሉን በደብዳቤ አስታወቀው። ወጣቱ ዕቃውን ሸክፎ፣ ደብዳቤውን ይዞ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ጥቁር መሆኑ ታየና ኮሌጁ ጥቁር ተማሪ እንደማይቀበል ተነገረው። በወረቀት ያስገቡትን በመልኩ አስወጡት ማለት ነው።

እስቲ ይህን ነገር ልብ እንበለው። ካርቨር ዕውቀት አልጎደለውም፤ ማመልከቻውም ጉድለት አልነበረበትም። የጎደለው ሰው ነው። ኮሌጁን አስቀድሞ የሚያጣራለት፣ ከዚህ ይልቅ ወደዚያ አመልክት የሚለው፣ ሲመለስም አይዞህ ሌላ አለ የሚለው ሰው አልነበረውም። በዚህም ምክንያት የኮሌጅ ነገር ለዓመታት ተዳፈነ።

በ1886 ወደ ምዕራብ ካንሳስ፣ ነስ ወደተባለ አውራጃ ሄደና 65 ሄክታር ያህል መሬት ያዘ፤ በእኛ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ከአፈር ጓል ቤት ሠራ፤ 7 ሄክታር የሚያህለውንም በእጁ አለማ። ኑሮው ከድርቅና ከበረዶ ጋር ትግል ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርት ከልቡ አልወጣም። በ1888 ለመማሪያ ብሎ ከባንክ 300 ዶላር ተበደረ፤ ብዙም ሳይቆይ መሬቱን ትቶ ወደ አዮዋ ግዛት አቀና።

እዚያም ዊንተርሴት በምትባል ከተማ በአንድ ሆቴል ወጥ ሠሪነት ተቀጠረ። ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ድምፁን የሰሙ ሚልሆላንድ የሚባሉ ነጭ ባልና ሚስት ከቤታቸው ጠርተው ወዳጅ አደረጉት። እነዚህ ሰዎች አንድ በር ስለ ተዘጋ ሁሉም ተዘጋ ማለት እንዳልሆነ ደጋግመው አስረዱት። በቅርቡ ኢንዲያኖላ ከተማ ወዳለው ሲምፕሰን ኮሌጅ እንዲያመለክትም ገፋፉት። ኮሌጁ ስሙን ያገኘው የአብርሃም ሊንከን ወዳጅ ከነበሩት ከጳጳስ ማቲው ሲምፕሰን ነው፤ ጥቁርንም ይቀበላል። ካርቨር ፈራ ተባ እያለም ቢሆን አመለከተ፤ በመስከረም 1890 ገባ። ዕድሜው ያን ጊዜ ወደ 26 ተጠግቶ ነበር። ዕድሜዬ አለፈ ብለን ለምንተክዝ መልካም ትምህርት ይመስለናል።

የትምህርት ክፍያውን ሲጨርስ ከእጁ የቀረው 10 ሳንቲም ብቻ እንደነበረና በዚያው የበቆሎ ዱቄትና ሞራ ገዝቶ እንደሰነበተ ይነገራል። የተማሪዎችን ልብስ እያጠበ መኖር ጀመረ። ባዶ ጎጆውን ያዩ ተማሪዎችም ገንዘብ አዋጥተው፣ እሱ በሌለበት ጠረጴዛና ወንበር አስገቡለት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ ነው።

ካርቨር ሲምፕሰን የገባው ሥዕልና ፒያኖ ለመማር ነበር። የሥዕል አስተማሪው ወይዘሪት ኤታ በድ ይባላሉ። ተማሪያቸው ጎበዝ ሠዓሊ መሆኑን አወቁ። ነገር ግን የሚሥላቸውን ተክሎች በእጁ እንደሚያሳድግና እንደሚያዳቅልም አስተዋሉ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ጥቁር ሰው በሥዕል ብቻ እንጀራ መብላት እጅግ እንደሚከብደውም አሰቡ። አባታቸው ፕሮፌሰር ጆሴፍ በድ ኤምስ ከተማ በነበረው የአዮዋ እርሻ ኮሌጅ የአትክልትና ፍራፍሬ መምህር ነበሩ። እናም መምህርቲቱ ካርቨር ወደዚያ ተዛውሮ የዕፀዋት ሳይንስ እንዲማር መከሩት፤ መንገዱንም አመቻቹለት። ጎበዝ ተማሪ ከክፍሌ ይጎድልብኛል አላሉም። እኛ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይበልጥ የነካን ይህ ነው።

ካርቨር ምክሩን የተቀበለው ቀልሎት አልነበረም፤ ሥዕል ይወድ ነበርና። ሆኖም እርሻ ብማር ለወገኖቼ የበለጠ እጠቅማለሁ ብሎ ወሰነ። በ1891 ኤምስ ገባ፤ ለኮሌጁም የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ሆነ። ሥዕሉንም ቢሆን አልጣለውም፤ አንዱ ሥራው በ1893 በቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቦ የክብር ስም አግኝቷል።

ታዲያ ኤምስ መግባቱ ብቻ አልበቃም። ስድብ ጠበቀው። ከተማሪዎች ጋር መኝታ ስላልተሰጠው አንድ ቢሮ ውስጥ ተኛ፤ ምግቡንም ከሠራተኞች ጋር ምድር ቤት እንዲበላ ተደረገ። ይህን የሰሙ ወይዘሮ ሊስተን የሚባሉ የኢንዲያኖላ ወዳጁ፣ እርሳቸው ነጭ ናቸው፣ ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ግቢውን አብረውት ዞሩ፤ ምድር ቤትም ወርደው አብረውት ተመገቡ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተሻሻለ ሄደ። አንዳንዴ ተማሪን መርዳት ማለት ገንዘብ መስጠት ሳይሆን አብሮ መታየት ነው።

ካርቨር በ1894 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1896 ሁለተኛ ዲግሪውን ተቀበለ። በመካከሉም በዕፀዋት ሊቁ በፕሮፌሰር ሉዊ ፓሜል ሥር እየተመራመረ በዚያው ኮሌጅ አስተማረ። በዚያን ጊዜ ከአንድ መምህር ትንሽ ልጅ ጋር ሜዳ ለሜዳ እየዞረ ስለ ዕፀዋት ይነግረው ነበር። ሄንሪ ዋላስ የተባለው ይህ ልጅ አድጎ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስትር፣ ከ1941 እስከ 1945 ደግሞ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል።

በ1896 ቡከር ቲ. ዋሽንግተን አላባማ ውስጥ ላቋቋሙት ለተስኪጊ ተቋም የእርሻ ክፍል ኃላፊ እንዲሆን ጠሩት። ካርቨር ሄደ፤ እስኪሞት ድረስም 47 ዓመት ያህል እዚያው ኖረ። መሬቱ ጥጥ ብቻ እየተዘራበት ደክሞ ነበር። ካርቨር ኦቾሎኒና ሌሎች ጥራጥሬዎች ለአፈሩ ናይትሮጅን እንደሚመልሱ፣ ስኳር ድንችም ለገበሬው ምግብ እንደሚሆን አስተማረ። በ1906 በፈረስ የሚጎተት የማስተማሪያ ጋሪ ተዘጋጅቶ ትምህርቱ እገበሬው ደጃፍ ድረስ ሄደ። በ1916 ባወጣው በራሪ ጽሑፍም ኦቾሎኒን ለምግብ የማዘጋጃ 105 ዘዴዎችን ዘረዘረ። የኦቾሎኒ ቅቤን የፈለሰፈው እሱ ነው እየተባለ የሚወራው ግን ትክክል አይደለም፤ ከእሱ በፊት የታወቀ ነገር ነው።

ካርቨር ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልወለደም። ተማሪዎቹን ልጆቼ ይላቸው ነበር፤ ትምህርታቸውን ጨርሰው ከሄዱ በኋላም ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር። በዕድሜው መጨረሻ ወደ 60,000 ዶላር የሚጠጋ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለምርምር ተቋም ሰጠ። ሲምፕሰን ኮሌጅም በ1928 የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ጥር 5 ቀን 1943 ዓረፈ፤ የተቀበረውም ከቡከር ዋሽንግተን መቃብር አጠገብ ነው።

እንግዲህ እኛ ዕጩ መምህራን ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ጉብዝና ብቻውን ኮሌጅ አያስገባም። ሃይላንድ የመለሰውና ሲምፕሰን የተቀበለው ካርቨር አንድ ሰው ነው። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ነገር የሚያውቁትና የሚመክሩት ሰዎች ማግኘቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ትምህርት መምረጥ ጓደኛ የሞላውን አይቶ መሙላት አይደለም። ስንቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው የምርጫ ቅጹን በግማሽ ሰዓት፣ ስሙን ብቻ በሰማው ትምህርት የሚሞላው? ኤታ በድ ተማሪያቸው ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚችልና ምን ሠርቶ እንደሚያድር ሦስቱንም አገናዘቡ። ይህን ለማድረግ ተማሪውን ማወቅ ያስፈልጋል። ስም ጠሪ መዝገብ ላይ ያለው ውጤት ብቻ አይነግረንም፤ ከክፍል ውጭ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ አለብን።

ሦስተኛ፣ ማመልከቻ ተጽፎ ሲላክ ሥራው አያልቅም። መቼ እንደሚዘጋ፣ ምን ማስረጃ እንደሚጠይቁ፣ ተማሪው ሲደርስ የት እንደሚያድር አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ደብዳቤ በእጁ ይዞ ከበር የሚመለስ ልጅ ዳግመኛ ለማመልከት ስንት ዓመት እንደሚወስድበት ከካርቨር አይተናል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሥራ ነው፣ እኛ የታችኛውን ክፍል ነው የምናስተምረው ይሉናል። አንስማማም። የካርቨርን መንገድ የከፈቱት ሰዎች ብዙዎቹ ፕሮፌሰሮች አልነበሩም፤ አንዲት አዋላጅ፣ አንድ ባልና ሚስት፣ አንዲት የሥዕል አስተማሪ ናቸው። እኛም ወደየምንመደብበት ገጠር ስንሄድ፣ ምናልባት በዚያ ቀበሌ ከፍተኛ ትምህርት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሰው አስተማሪው ብቻ ይሆናል። ልጁ ወደ ማን ሄዶ ይጠይቅ?

ስለዚህ ከመመረቃችን በፊት አንድ ነገር እንድናደርግ እናሳስባለን። እያንዳንዳችን በአካባቢያችን የትኛው ኮሌጅ ምን እንደሚያስተምር፣ ምን እንደሚጠይቅና መቼ እንደሚመዘግብ ጠይቀን በአንድ ደብተር እንጻፍ። መምህራኖቻችንም የሚያውቁትን ቢጨምሩልን ደስ ይለናል። ደብተሩን ከማስተማሪያ ማስታወሻችን ጋር ይዘነው እንሂድ፤ አንድ ቀን አንድ ልጅ መጥቶ ይጠይቀናል።