ከፍታን የፈለገው የሚሲዮናውያን ልጅ፦ የሂራም ቢንግሃም ሕይወት

በደቡብ አሜሪካ በፔሩ አገር፣ በአንዲስ ተራሮች መካከል፣ የኢንካ መንገድ ተብሎ የሚጠራ የእግር መንገድ አለ። አራት ቀን የሚፈጅ፣ ርዝመቱ ወደ 43 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጉዞ ነው። ተጓዡ 4,215 ሜትር ከፍታ ያለውን የተራራ መተላለፊያ ማቋረጥ አለበት። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥቂት እርምጃ እየሄዱ ቆሞ መተንፈስ ግድ ነው፤ ራስ ያማል፣ እህል አይቀርብም፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ፈቃድ ያለው መንገድ መሪ ሳይዙ በዚህ መንገድ መጓዝ ክልክል ነው። መሪዎችና ተሸካሚዎች ጭምር ተቆጥረው በቀን ከ500 ሰው በላይ እንዲጀምር አይፈቀድም። የመንገዱ መጨረሻ ማቹ ፒቹ የምትባለው የኢንካዎች የድንጋይ ከተማ ናት።

ከዚህች ከተማ ጋር ሁልጊዜ ስሙ አብሮ የሚነሣ አንድ ሰው አለ፤ ሂራም ቢንግሃም ይባላል። ታሪክ አንባቢዎች አሳሽነቱን ያውቃሉ። የሚሲዮናውያን ልጅና የልጅ ልጅ መሆኑን ግን ብዙዎች አያውቁም። ሕይወቱ ለእኛ ለአማኞች የሚናገረው ነገር ስላለ እስቲ ጥቂት አብረን እንመልከተው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን ከማን ወረሰ?

የመጀመሪያው ሂራም ቢንግሃም አያቱ ነው። በ1820 ታዴዎስ በተባለች መርከብ ከአሜሪካ ተነሥተው ሃዋይ ከደረሱት የመጀመሪያዎቹ ሚሲዮናውያን አንዱ ነበር። ያን ጊዜ የሃዋይ ቋንቋ ፊደል አልነበረውም። እነዚህ ሰዎች ፊደል ቀረጹ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ በ1839 ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በሃዋይ ቋንቋ ተርጉመው ጨረሱ።

ሁለተኛው ሂራም ቢንግሃም አባቱ ነው። እርሱም በ1857 ከባለቤቱ ጋር ኪሪባቲ ውስጥ ወደሚገኙት የጊልበርት ደሴቶች ሄደ። የወሰደቻቸው መርከብ የንጋት ኮከብ ትባላለች፤ የተሠራችውም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሳንቲም አዋጥተው ነበር። በዚያም ከባድ ሕመም አገኘውና ከደሴቶቹ ለመውጣት ተገደደ። ሆኖም በሃዋይ ሆኖ ሥራውን አላቋረጠም። በ1890 መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በጊልበርት ቋንቋ ተርጉሞ ጨረሰ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ጥቂት ሺህ ሰዎች ለሚናገሩት ቋንቋ ሲሰጥ ያስቡ! በዓለም ዘንድ ስም የሚያስገኝ ሥራ አልነበረም።

የእኛ ባለ ታሪክ ሦስተኛው ነው። ኖቬምበር 19 ቀን 1875 በሆኖሉሉ ተወለደ። በጸሎትና በቃሉ መካከል አደገ፤ የቤተሰቡም ተስፋ የአባቶቹን ሥራ እንዲቀጥል ነበር። በ1898 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ ሆኖሉሉ ሲመለስ በአንዲት ትንሽ የሚሲዮን ጸሎት ቤት ማገልገል ጀመረ። አገልግሎቱ ግን ብዙም ሳይቆይ አበቃ። በ1900 አልፍሬዳ ሚቸል የተባለችውን የባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ አገባ፤ ሰባት ወንዶች ልጆችንም ወለዱ። እርሱም የደቡብ አሜሪካን ታሪክ አጥንቶ በዬል አስተማሪ ሆነ። የአባቶቹ መንገድ ወደ ደሴቶች ይወስድ ነበር፤ የእርሱ ዓይን ግን ተራሮችን ማየት ጀመረ።

በገደል ላይ የተጻፉ ስሞች

አባቱ በ1908 አረፈ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ቢንግሃም በቺሊ በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ተካፈለ። ከዚያም በጥንቱ የንግድ መንገድ ላይ በበቅሎ እየተጓዘ ፔሩ ገባ። በፌብሩዋሪ 1909 የአፑሪማክ አውራጃ አስተዳዳሪ በተራራ ላይ ያለች ቾክኪራው የምትባል ፍርስራሽ እንዲያይለት ለመነው። የቦታዋ ስም የወርቅ አልጋ ማለት ነው፤ ብዙዎችም ወርቅ ተቀብሮባታል ብለው ያምኑ ነበር።

ወቅቱ ክረምት ነበር። ከላይ ከደጋው ተነሥተው ወደ አፑሪማክ ወንዝ ሸለቆ ወረዱ። በቁልቁለቱ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ከታች ሙቀቱ ያፍናል። ወንዙን የተሻገሩት ነፋስ በሚያወዛውዘው ጠባብ ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ በእጅና በጉልበት እየዳኹ ነው። ከዚያ ደግሞ በሌላው ወገን ያንኑ ያህል ሽቅብ መውጣት ነበረባቸው። ጓዙን የተሸከሙት የአገሩ ሰዎች፣ ኬቿ ተናጋሪዎቹ ሕንዶች ነበሩ። ቢንግሃም ምንም ሳይሸከም እየደጋገመ ሲያርፍ እነርሱ ጀርባቸው ላይ ጭነት አድርገው ይወጡ ነበር።

ወርቅ አልተገኘም። ነገር ግን ቢንግሃም በፍርስራሹ ውስጥ ከእርሱ በፊት የመጡ እንግዶች ስማቸውን ጽፈው የተዉባቸውን ድንጋዮች አየ። የመጀመሪያዎቹ የ1834 ጎብኚዎች ነበሩ። ስም ጽፎ መሄድ የሰው ልጅ የቆየ ምኞት ነው። ይህ ነገር በታሪኩ ውስጥ ተመልሶ ይመጣልና፣ ውድ አንባቢ፣ ልብ ይበሉት።

በአንድ ሶል የተገኘች ከተማ

በ1911 ቢንግሃም የዬልን የፔሩ ጉዞ ቡድን መርቶ ተመለሰ። ይፈልግ የነበረው ቪልካባምባን ነው። የኢንካ ነገሥታት ከስፔኖች ሸሽተው የተሸሸጉባት የመጨረሻ ከተማ ናት፤ ስፔኖች በ1572 ያዟት፣ የመጨረሻውን ንጉሥ ቱፓክ አማሩንም ኩስኮ ወስደው ገደሉት። ከዚያ በኋላ የከተማዪቱ ቦታ ተረሳ።

የኩስኮ ዩኒቨርሲቲን ይመራ የነበረው አሜሪካዊው አልበርት ጊሴክ በኡሩባምባ ወንዝ ዳር መልቾር አርቴያጋ የሚባል ገበሬ እንዲጠይቅ ነገረው። ጁላይ 23 የበቅሎ ጉዞው ቡድን በዚያ ገበሬ ቤት አጠገብ ሰፈረ። አርቴያጋም ከተራራው ራስ ላይ መልካም ፍርስራሽ እንዳለ ነገራቸው።

ጁላይ 24 ቀን ሲነጋ ይዘንብ ነበር። አርቴያጋ በዚህ ዝናብ አልሄድም አለ። ቢንግሃም አንድ ሶል፣ ማለት ከተለመደው የቀን ሙያ ሦስት አራት እጥፍ፣ እሰጥሃለሁ ሲለው ግን እሺ አለ። ከቡድኑ አንዱ ከታች ብዙ ቢራቢሮ አለ ብሎ ቀረ፤ ሐኪሙ ደግሞ ልብሴን አጥባለሁ አለ። ስለዚህ ቢንግሃም፣ አርቴያጋና ካራስኮ የሚባል አንድ የፔሩ ሃምሳ አለቃ ብቻ ተነሡ። የሚጮኸውን ወንዝ በሐረግ በታሰሩ ጥቂት ግንዶች ላይ ተሻገሩ። አርቴያጋና ካራስኮ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግር አለፉ፤ ቢንግሃም ግን በጉልበቱ እየዳኸ፣ ስንዝር በስንዝር ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ በእጅም በእግርም እየቧጠጡ ወጡ።

ከላይ ሲደርሱ ጎጆ አገኙ። ሪቻርቴና አልቫሬዝ የሚባሉ ቤተሰቦች ከአራት ዓመት ገደማ ጀምረው በጥንቱ እርከን ላይ በቆሎና ድንች እያመረቱ ይኖሩ ነበር። ከግብር ሰብሳቢና ከወታደር አፈሳ የሚሰወሩባት ቦታ ነበረች። ለደከመው እንግዳ በቅል ቀዝቃዛ ውኃ ሰጡት፤ የተቀቀለ ስኳር ድንችም አቀረቡለት። አርቴያጋ ከባለ ጎጆዎቹ ጋር ሊጫወት ቀረ። ቢንግሃምን ወደ ፍርስራሹ የመራው አንድ ትንሽ ልጅ ነበር!

በልጁ እየተመራ ዱሩን ገልጦ ሲገባ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተጋጠሙ፣ ምላጭ የማያስገቡ የነጭ ድንጋይ ግንቦችን አየ። ማቹ ፒቹ እነሆ። ከፍታዋ 2,430 ሜትር ገደማ ነው። ሦስት መስኮት ካለው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ግን በከሰል የተጻፈ ስም አገኘ፤ ሊዛራጋ፣ 1902 ይላል። አጉስቲን ሊዛራጋ በዚያው ሸለቆ የሚኖር ገበሬ ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ደርሶበታል። ቢንግሃም ይህን በማስታወሻ ደብተሩ መዝግቦታል።

የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በኤፕሪል 1913 ሙሉ እትሙን ለዚህ ሥራ ሲሰጥ የቢንግሃም ስም በዓለም ተሰማ። የውኃዋን ቅል ያቀረቡት፣ በዝናብ የመራው ገበሬና ያ ትንሽ ልጅ ግን በየቦታቸው ቀሩ። ሊዛራጋም በ1912 በኡሩባምባ ወንዝ ሰጥሞ ሞተ።

ያላወቃት ከተማ

ይህ የታሪኩ አስገራሚ ክፍል ነው። ቢንግሃም ማቹ ፒቹን ካየ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በኦገስት 1911፣ ወደ ሞቃቱ ቆላ ወረደ። በኤስፒሪቱ ፓምፓ ጫካ ውስጥ የአገሩ ሰዎች መርተውት ጥቂት ፍርስራሾች አሳዩት። በስፔኖች አሠራር የተሠሩ የጣራ ሸክላዎችንም አየ። ነገር ግን ቆላው ለነገሥታት መኖሪያ የሚገባ ቦታ አልመሰለውም፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሄደ። ከዚያም እስከ ዕድሜው መጨረሻ ቪልካባምባ ማቹ ፒቹ ናት እያለ አስተማረ።

በ1964 ጂን ሳቮይ የተባለ ሌላ አሳሽ ያንን ጫካ ሲመረምር የኤስፒሪቱ ፓምፓ ፍርስራሽ እጅግ ሰፊ ከተማ መሆኑ ታወቀ፤ ዛሬ ሊቃውንት ቪልካባምባ እርሷ እንደሆነች ይስማማሉ። ማቹ ፒቹ ደግሞ በ15ኛው መቶ ዘመን የንጉሥ ፓቻኩቲ ርስት እንደነበረች ይታመናል። ቢንግሃም የሚፈልጋት ከተማ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ግን ዓይኑ ከፍታ ላይ ስለነበር ዝቅታው ላይ ያለችውን አላወቃትም።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ከጓደኞቹ ጋር በገመድ ተያይዘው በበረዶ ላይ እየተራመዱ ኮሮፑና የተባለውን እሳተ ገሞራ ተራራ ጫፍ ረገጡ። ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች ሁሉ የሚበልጥ ይሆናል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ተለክቶ ሲታይ ግን 6,961 ሜትር ከሆነው ከአኮንካጓ በጣም ያንሳል። ያ ሁሉ ድካም፣ ያ ሁሉ ብርድ፣ ለአንደኛነት አልበቃም።

ከተራራው በኋላ

በ1912 እና በ1914 እስከ 1915 ሌሎች ጉዞዎች ተደረጉ። ብዙ የተቆፈሩ ዕቃዎችና አፅሞች ወደ ዬል ተወሰዱ። ፔሩ ለብዙ ዘመን ስትጠይቅ ኖራ በ2010 ስምምነት ተደርሶ በ2011 እና በ2012 ተመለሱላት።

ቢንግሃም በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአየር ኃይል መኮንን ሆነ። ኋላም ወደ ፖለቲካ ገባ። በ1924 የኮነቲከት ገዢ ሆኖ ተመረጠ፤ ወዲያው ለሴናተርነትም ስለተመረጠ ግን በገዢነት ወንበር የተቀመጠው በጃንዋሪ 1925 ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። በኖቬምበር 1929 ደግሞ የቀረጥ ሕግ ሲዘጋጅ የፋብሪካ ባለቤቶችን ማኅበር ሠራተኛ በቢሮው ቀጥሮ ወደ ዝግ ስብሰባ በማስገባቱ ሴኔቱ በ54 ድምፅ በ22 ተቃውሞ ወቀሰው። በ1932 ምርጫ ተሸነፈ። በ1937 ከልጆቹ እናት ጋር ተፋታ። በ1948 ወደ ማቹ ፒቹ የሚወጣው በስሙ የተሰየመ መንገድ ሲመረቅ ተገኝቶ ነበር። ጁን 6 ቀን 1956 በዋሽንግተን ሞተ።

አራተኛው ሂራም

በዚህ ብንጨርስ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ከሰባቱ ልጆቹ አንዱ ሂራም ይባላል፤ በቤት ሃሪ ይሉታል። በ1940 እና በ1941 በፈረንሳይ በማርሴይ ከተማ የአሜሪካ ምክትል ቆንስል ነበር። ናዚዎች የሚያሳድዷቸው አይሁድና ሌሎች ስደተኞች በሩ ላይ ይሰለፉ ነበር። አለቆቹ ቪዛ እንዳይበዛ ቢሹም እርሱ ጻፈላቸው፤ ደራሲውን ሊዮን ፎይሽትቫንገርን በቤቱ ሸሸገው፤ ሠዓሊው ማርክ ሻጋልም ከዳኑት አንዱ ነው። ሃሪ ከዚያ ቦታ ተነሣ፤ የሥራ ዕድገቱም ቆመ። በ1988 እስኪሞት ድረስ ስላደረገው ነገር ብዙ አላወራም። አገሩ ያከበረችው ከሞተ በኋላ ነው፤ በ2006 ምስሉ በቴምብር ላይ ታተመ።

ለእኛ ምን ይላል?

ውድ አንባቢ፣ እኛ በቢንግሃም ላይ ፈራጆች አይደለንም። ትጉህና ደፋር ሰው ነበር፤ በሥራውም ዓለም አንድ ድንቅ ነገር አውቃለች። ነገር ግን አራቱን ሂራሞች ጎን ለጎን ሲያዩ ልብዎ ምን ይላል? ሁለቱ የሌላውን ስም ይዘው ወደ ሩቅ ደሴት ሄዱ። ሦስተኛው ስሙን ወደ ተራራ ይዞ ወጣ። አራተኛው በስደተኛ ወረቀት ላይ ስሙን ፈረመ፤ በዚያም ፊርማ ሰዎች በሕይወት ኖሩ።

ጌታችን ደቀ መዛሙርቱ በኃይል ሥራ ተደስተው ሲመለሱ ስማቸው በሰማይ በመጻፉ ደስ እንዲላቸው አስተማራቸው (ሉቃስ 10፥20)። በከሰል የተጻፈው ይጠፋል፤ በድንጋይ የተቀረጸውም ይፈዝዛል። ያኛው ግን ይኖራል።

ሌላም አለ። የዕብራውያን ጸሐፊ የእግዚአብሔርን ቃል የነገሩንን ሰዎች እንድናስብ ያሳስበናል (ዕብራውያን 13፥7)። ለእርስዎ ቅሉን ውኃ ያቀረበልዎ ማን ነው? በዝናብ ቀን ወደ ላይ የመራዎ ማን ነው? ምናልባት ማንበብ የማትችል እናት ናት፤ ምናልባት በባዶ እግሩ ሸለቆ የተሻገረ ወንጌላዊ ነው፤ ምናልባትም አንድ ትንሽ ልጅ ነው። ዛሬ በሕይወት ካሉ ፈልገው ያመስግኗቸው። ካለፉም ስማቸውን ለልጆችዎ ይንገሩ።

ጌታ ይባርክዎ።