ከባግዳድ እስከ ኮሎምበስ፦ የአል-ኸዋሪዝሚ ውርስ



እዚህ ኮሎምበስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተ የኦሃዮ ሱፐርኮምፒውተር ማዕከል አለ። ተመራማሪዎች በአንድ ላፕቶፕ ዓመታት የሚፈጁ ስሌቶችን ወደዚያ ይልካሉ፤ ማሽኖቹ ሥራውን ከፋፍለው በሺዎች በሚቆጠሩ ፕሮሰሰሮች በአንድ ጊዜ ይሠሩታል። በሙያዬ ኢንጂነር ነኝ፤ ወጣቶች ስለ እነዚህ ማሽኖች ሲጠይቁኝ ታሪኩን የምጀምረው ከ1,200 ዓመት በፊት ከኖሩ አንድ ሙስሊም ምሁር ነው።

ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ የተወለዱት በ780 አካባቢ ነው። ስማቸው የሚያመለክተው ኸዋሪዝምን ሲሆን፣ ግዛቱ ዛሬ በኡዝቤኪስታንና በቱርክሜኒስታን ውስጥ ይገኛል። የሠሩት ግን በባግዳድ ነው። ከ813 እስከ 833 የገዛው ኸሊፋ አል-መእሙን ምሁራንን ያቀርብ፣ የግሪክና የህንድ ዕውቀት ወደ ዐረብኛ እንዲተረጎም ያግዝ ነበር። አል-ኸዋሪዝሚም በበይቱል ሒክማ ከሚታወቁት ምሁራን አንዱ ነበሩ።

በ820 አካባቢ ለኸሊፋው ያበረከቱት የሒሳብ መጽሐፍ ርዕሱ ላይ አል-ጀብር የሚል ቃል ነበረበት፤ አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ሰዎች በየዕለቱ ለሚገጥማቸው ጉዳይ ነበር፦ ለንግድ፣ ለመሬት ልኬት፣ ለቦይ ቁፋሮ፣ ከሁሉም በላይ ለውርስና ለኑዛዜ ክፍፍል። የየቲም ድርሻ በስሌት ስህተት ቢጎድል ያ ዙልም ነው። ስለዚህ ትክክለኛ ስሌት ለእርሳቸው የሰው ሐቅ ጉዳይ ነበር።

ዘዴያቸውን በአንድ ምሳሌያቸው እንየው። አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ፣ የዚያው ቁጥር አሥር እጥፍ ሲደመርበት 39 ቢሆን ቁጥሩ ስንት ነው? የአሥርን ግማሽ ውሰድ፤ 5። በራሱ አባዛው፤ 25። 39 ጨምርበት፤ 64። በራሱ ተባዝቶ 64 የሚሰጠው 8 ነው። 5 ቀንስ፤ መልሱ 3። እያንዳንዱ እርምጃ ግልጽ ነው፤ ተከትሎት የሠራ ሁሉ እዚያው መልስ ላይ ይደርሳል። ከዚያም ዘዴው ለምን እንደሚሠራ በካሬ ሥዕል አስረድተዋል።

ስለ ህንድ ቁጥሮች የጻፉት መጽሐፍ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ሲተረጎም ስማቸው አልጎሪትሚ ተብሎ ተጻፈ። አልጎሪዝም የሚለው ቃል የእርሳቸው ስም ነው። በ833 አካባቢ ደግሞ ከ2,400 በላይ ቦታዎች የሚገኙበትን መጋጠሚያ የያዘ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አጠናቀዋል። ወደ አኺራ የሄዱት በ850 አካባቢ ነው።

ከ1993 ጀምሮ የዓለም ኃይለኛ ሱፐርኮምፒውተሮች ደረጃ የሚወጣው እጅግ ብዙ እኩልታዎችን በአንድነት በመፍታት ፍጥነታቸው ነው። ማሽኑ ተለውጧል፤ ሥራው ግን እኩልታ መፍታት፣ መንገዱም በቅደም ተከተል የተቀመጠ እርምጃ ነው። እርምጃው ከተሳሳተ ደግሞ ሱፐርኮምፒውተር ስህተቱን ያፈጥነዋል እንጂ አያርመውም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። አንዳንዶቻችን ኮምፒውተርን የሠራነው እኛ ነን እስከማለት እንደርሳለን። ይህ እርሳቸውን ማክበር አይደለም። ዜሮን ጨምሮ ቁጥሮቹ የመጡት ከህንድ ነው፤ አል-ኸዋሪዝሚም የህንድ ስሌት ብለው ነው ያስተማሯቸው። ከሌላው ተማሩ፣ ባለቤቱን ጠቀሱ፣ የራሳቸውን ጨመሩ። በስማቸው መኩራት ቀላል ነው፤ ከባዱ የሒሳብ የቤት ሥራውን ቁጭ ብሎ መጨረስ ነው። ማዕከሉ ያለው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ተመራማሪዎችም ይሠሩበታል። ነገ ከእነርሱ መካከል እናንተም እንድትኖሩ እመኛለሁ፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ለእርሳቸው ይዘንላቸው፤ ለእኛም ጠቃሚ ዕውቀትን ይጨምርልን። አሚን።