ማርሴል ዡኖ

ዶክተር ማርሴል ዡኖ (ግንቦት 6 ቀን 1896 – ሰኔ 9 ቀን 1953 ዓ.ም.) የስዊዘርላንድ ሐኪምና የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ ነበሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ የመርዝ ጋዝ በኢትዮጵያውያን ገላ ላይ ያደረሰውን ቃጠሎ በዓይናቸው ካዩ የውጭ አገር ሐኪሞች አንዱ ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወት

የተወለዱት በኑሻቴል ከተማ ነው። በጄኔቭ ሕክምና ተምረው በፈረንሳይ አገር፣ በሙሉዝ ከተማ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ይሠሩ ነበር። ጦርነቱ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲነሣ ኮሚቴው ከሲድኒ ብራውን ጋር ወደ ኢትዮጵያ ላካቸው።

በኢትዮጵያ

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በኮረም አካባቢ በሰናፍጭ ጋዝ (ኢፕሪት) የተቃጠሉ ብዙ ወታደሮችን አዩ። ጣልያን ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቭ ፕሮቶኮል ፈርማ ነበር።

ኢፕሪት ጋዝ ይባል እንጂ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። ጣልያኖች በቦምብ ይጥሉት፣ ኋላም ከአውሮፕላን ይረጩት ነበር። ቆዳን ሲነካ ወዲያው አያምም። ከሰዓታት በኋላ ግን ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ቀጥሎም ውኃ ይቋጥራል፤ ሲፈነዳ ቁስሉ በቀላሉ ይመረቅዛል፣ ለመዳንም ሳምንታት ይፈጃል። ዓይንንና ሳንባንም ይጎዳል። ልብስን ዘልቆ ስለሚገባ ነጠላና ጋቢ አያድኑም፤ በባዶ እግሩ የሚጓዘው ወታደርም የተረጨውን ሣር ሲረግጥ እግሩ ይቃጠል ነበር። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ዋናው እርዳታ ልብስን ቶሎ አውልቆ መታጠብ ነው።

ዡኖ ያዩትን ለኮሚቴው አስታወቁ። የመንግሥታት ማኅበር ስለ ጋዙ መረጃ በጠየቀ ጊዜ ግን ኮሚቴው ገለልተኛነቱን ምክንያት አድርጎ አልሰጠም። ይህ ዝምታ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ዡኖ የኢትዮጵያን ትዝታቸውን በ1947 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው ለሕዝብ ገለጹ።

ከኢትዮጵያ በኋላ

በስፔን የእርስ በርስ ጦርነትና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ እስረኞች ሠሩ። ጳጉሜን 3 ቀን 1937 ዓ.ም. 15 ቶን ያህል የሕክምና ዕቃ ይዘው ሂሮሺማ ገቡ፤ በዚያም በአቶሚክ ቦምብ የተቃጠሉትን አዩ። በኋላ የኮሚቴው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በጄኔቭ ያረፉት በ57 ዓመታቸው ነው። በሂሮሺማ የሰላም መናፈሻ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞላቸዋል።